ጠይቁ፦ መድኃኒት የተላመደ የልጆች የዕጢ ቲቢ

የልጆች ሐኪም ነኝ። ዕድሜ፣ መድኃኒቱ የተጀመረበትን ጊዜና የናሙና ውጤት ጽፋችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ6 ዓመቷ ልጄ የዕጢ ቲቢ መድኃኒት ከጀመረች 2 ወሯ ነው። የአንገቷ ዕጢ ጭራሽ አበጠ። ናሙና አልተወሰደም። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በእብጠቱ ብቻ ተላምዷል አይባልም። መድኃኒቱ እየሠራም ዕጢ ያብጣል፣ አዲስም ይወጣል። የሰውነት መከላከያ ለሞተው ባክቴሪያ ሲቆጣ ነው። በግምት ግን አንተወውም። በመርፌ ናሙና ይወሰድና ጂንኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ይሠራላት። ማሽኑ ባክቴሪያው ዋናውን የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲንን መላመዱን በ2 ሰዓት ገደማ ያሳያል። ካልቸርም (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ) ይላክ፣ ሳምንታት ቢፈጅም።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ቤት ውስጥ የሚያስል ወይም የቲቢ መድኃኒት ያቋረጠ ትልቅ ሰው አለ? ልጆች የተላመደውን ቲቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዛቸው ከትልቅ ሰው ነው። በልጅ ዕጢ ውስጥ ባክቴሪያው ትንሽ ስለሆነ ምርመራው ሊያጣው ይችላል። ያኔ የልጅቷን መድኃኒት የምንመርጠው በዚያ ሰው ውጤት ነው። ይህን ሳይጠይቁ የሚያክሙ ባለሙያዎች ያሳዝኑኛል። ደግሞ አደራ፣ አታስበጡ፣ አታስተኩሱ! ቁስሉ እየመገለ ለወራት አልድን ይላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ዕጢ አለበት፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜው? የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ጤና ጣቢያ ውሰደው።

አባል፦ ሁሉም ከጥሬ ወተት ነው የሚመጣው።

ሌላ አባል፦ እኛ ጥሬ ጠጥተን አድገን የለ እንዴ?

አባል፦ የአጎቴ ልጅ በንፍፊት ሞቷል፣ እባክህ።

መልስ፦ ነፍስ ይማር። ወተት አፍሉ። በጥሬ ወተት የሚተላለፈው የከብት ቲቢ ባክቴሪያ ፒራዚናማይድ የተባለውን የቲቢ መድኃኒት በተፈጥሮው ይቋቋማል። አገራችን ውስጥ የሚበዛው ግን ከሰው የሚተላለፈው ነው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ የተላመደው ቲቢ ሕክምና ጆሮ ያደነቁራል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ የድሮዎቹ መርፌዎች ያደነቁሩ ነበር። አሁን ሕክምናው በአብዛኛው በሚዋጥ መድኃኒት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ቤዳኩዊሊን የተባለው የተላመደ ቲቢ መድኃኒት በየትኛውም ዕድሜ ላሉ ልጆች እንዲሰጥ መክሯል። ሊኔዞሊድ የተባለውን ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ደሙና ዓይኑ ይታይ። ክሎፋዚሚን የተባለውም ቆዳ ቢያጠቁር አትደንግጡ፣ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤት ትሂድ?

መልስ፦ ሳንባዋ ታይቶ ነጻ ከሆነ ትሂድ። ዕጢው ብቻውን በትንፋሽ አያስተላልፍም።

ጥያቄ፦ የእኔም ልጅ ዕጢ በመድኃኒት ላይ አበጠ። ተላመደ ማለት ነው? ባለመድኃኒት ይብጣው?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። አይበጣ! ናሙና። ደግሞም ቤት ውስጥ የሚያስለው ማነው?