የመሪዋን ብሎን አታስጠብቂ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአባቴን ቮልስዋገን ወርሼ ሐረር ላይ እነዳለሁ። በፈረንጆቹ 1963 የተሠራች ናት። ወደ ድሬዳዋ ስወርድ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሜዳ ላይም መሪውን አራት ጣት ያህል ካላዞርኩ ጎማው አይታዘዘኝም። አንድ ጋራዥ ወስጃት "የመሪው ሳጥን ላይ ያለችውን ብሎን ጠበቅ እናድርጋት፣ አስር ደቂቃ አይፈጅም" አሉኝ። ላስደርገው?
መምህርት፣ ከሸዋ በር

መልስ፦ ልጄ፣ አታስደርጊ። ሌላው ሁሉ ሳይታይ ያችን ብሎን ማንም እንዳይነካት።

ወጣት ሳለሁ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራ ነበር። ይህችኑ ብሎን ለአንድ ደንበኛ አጠበቅኩለት። ክፍተቱ ወዲያው ጠፋ። ሰውዬው አመስግኖኝ ሄደ። በማግስቱ ደንገጎ ኩርባው ላይ መሪው እንደታጠፈ አልመለስ አለው። በጉልበቱ ታግሎ መለሰው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ማንም አልተጎዳም። ተመልሶ መጥቶ ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ የነበረው ፊቱ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በመሪው ዘንግ ጫፍ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ብረት አለ። መሪውን ስታዞሪ ያ ጥርስ አንዲት ሮለር (ትንሽ ተንከባላይ ብረት) ይገፋል፣ ሮለሯም ዘንጎቹን አንቀሳቅሳ ጎማውን ታዞራለች። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ጥርሱ የሚበላው መሃሉ ላይ ነው። ዳርና ዳሩ ደህና ነው። የተበላውን መሃል ለማጥበቅ ብለሽ ብሎኗን ስታጠብቂ፣ ያልተበላው ዳር ከመጠን በላይ ይጠብቃል። ኩርባ ላይ ይነክሳል።

ደግሞ የሚንቀጠቀጥ መሪ ብዙ ጊዜ በሽታው ከታች ነው። የቮልስ የፊት እግር ከሌሎቹ ይለያል። ሞላ የለውም፣ ባሌስትራም (የተነባበረ የብረት ሞላ) የለውም። ሰይቼንቶ ፊያት ከፊት በአግድም የተጋደመ ባሌስትራ አላት፤ ቮልስ ግን ሁለት ቱቦዎች ናቸው ያሏት፣ አንዱ ከአንዱ በላይ። በውስጣቸው የተደራረቡ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች አሉ። መሃላቸው ላይ ታስረዋል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ዘንጎቹ እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ቀላል ነው፣ ብዙ ዓመት ይኖራል፣ ግሪስ ካገኘ ብቻ።

ያንቺ ሞዴል ጎማውን የሚይዘው በፒኖች (በወፋፍራም የብረት ካስማዎች) ነው። ኳስ መሳዩ መገጣጠሚያ የመጣው ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ነው። ፒኖቹ ግሪስ ካጡ ይበላሉ፣ ሲበሉ ጎማው ይወዛወዛል። ግሪስ ሲደረግ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ ጎማዎቹ መንጠልጠል አለባቸው። መሬት ላይ ቆማ ካደረጉት ክብደቱ ፒኑን ይጫነዋል፣ ግሪሱም የሚበላበት ቦታ አይደርስም። መካኒኩ ሲሠራ እዚያው ቆመሽ እዪ።

ፈተናው ይኸውልሽ። የፊቱን አንሱና ከሥር ድጋፍ አድርጉ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ። መነቃነቁ ከቆመ ችግሩ ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ነው። ካልቆመ ፒኖቹ ናቸው። (የግራውን ኩሽኔታ የሚፈታው ሰው ይጠንቀቅ፤ ዳዶው ግራ ጥርስ ነው፣ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የፍጥነት መለኪያው ገመድም የሚያልፈው በዚያው ጎማ መሃል ነው።) ከዚያ መሪውን ከጎማ የሚያገናኙትን ዘንጎች ጫፎች እዪ። ከመሪው ጎን የተጋደመችውን ትንሽ አሞርዛተርም (ንዝረት አብራጅ) አትርሺ። እሷ ከሞተች እያንዳንዱ ጉድጓድ እጅሽ ላይ ይደርሳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጎሚስታው ስንት ነፋልሽ? ለአራቱም እኩል 30 ፒኤስአይ ከነፋ፣ ግማሹ መንቀጥቀጥ ከዚያ ሊሆን ይችላል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ ፊቷ ቀላል ናት። ከፊት ከ16 እስከ 18፣ ከኋላ ከ24 እስከ 27 ይበቃታል። ጎሚስታው ይከራከርሻል። እሺ አትበዪው።

ደንገጎን ስትወርጂ ደግሞ ከኩርባው በፊት ማርሽ ቀንሺ። የኋላ ጎማዎቿ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ነው የሚወዛወዙት። ኩርባ ውስጥ ገብተሽ ፍሬን በኃይል ከረገጥሽ የኋላው ይነሣል፣ ጎማውም ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያኔ መኪናዋ ከእጅሽ ትወጣለች።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ መሪው አሁንም ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ባዶውን ከዞረ፣ ያኔ ብሎኗ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ትጠበቅ። ከጋራዡ ሳትወጪ ባዶ ቦታ ላይ ቀስ ብለሽ እየነዳሽ ጠምዝዢና መሪውን ላላ አድርጊው። በራሱ ወደ መሃል መመለስ አለበት። ካልተመለሰ እዚያው ያላሉልሽ፤ እንዲህ ሆና ወደ ደንገጎ እንዳትወርጂ።