መኪናውስ ይወጣል፣ የት ነው የምታድሩት? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

መስቀል አልፎ መሬቱ መድረቅ ሲጀምር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይቀየራል። ክረምቱን ሙሉ ስለ ፍሬንና ስለ ራዲያተር ስትጠይቁኝ የከረማችሁ ሰዎች አሁን ድንኳን ይዛችሁ ተራራ ለመውጣት አሰፍስፋችኋል። ደግ ነገር ነው። ወሎ ከአስፋልቱ ወጣ ላለ ሰው ብዙ የምታሳየው አላት።

ወደ መልሶቹ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የክልላችን ጸጥታ እንዴት እንደሰነበተ የማያውቅ የለም። የምትሄዱበት መንገድ ሰላም መሆኑን ከቢሮ ብቻ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ካለፈ የአይሱዙ ሹፌርም ጠይቁ። ሹፌሩ ካመነታ ቅሩ።

«አሜሪካኖች ጫካ ውስጥ ባሻቸው ቦታ መኪና አቁመው በነጻ ሲያድሩ በቪዲዮ አያለሁ። ወሎ ላይ እንደዚያ ይቻላል? አምስት ነን፣ ላንድክሩዘር አለን።» (ከአዲስ አበባ)

ያየኸው እውነት ነው። እዚያ አገር በፌደራል ደኖች ውስጥ ከተዘጋጀ የካምፕ ቦታ ውጭ ማደር በብዙ ቦታ የተፈቀደ ነው። ግን ልቅ አይደለም። በብዙዎቹ ደኖች አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ አይቆዩም። መኪናም ከተፈቀደለት መንገድ አይወጣም። እሳት ጨርሶ የሚከለከልበት ወቅት አለ። ይሄን ቪዲዮው ላይ አታየውም።

ወሎ ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ ባዶ የሚመስለው መሬት ሁሉ ባለቤት አለው። ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ «እፎይ፣ ሰው የለም» ስትል ከየት መጡ ሳትል ሁለት እረኞች አጠገብህ ቆመዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ይቻላል ወይ?» ሳይሆን «ማንን ልጠይቅ?» ነው።

ለምሳሌ ከሰውና ከከብት ንክኪ ነጻ የተደረጉትን ተራሮች እንውሰድ። ሣሩ እስከ ጉልበት ደርሶ ሲወዛወዝ ለድንኳን የተነጠፈ ይመስላል። ያ ሣር ግን የመንደሩ መኖ ነው። ጊዜው ሲደርስ ታጭዶ ለነዋሪው ይከፋፈላል። መኪና የሄደበት ሣር ይተኛል፣ የተኛ ሣር ደግሞ ለማጭድ አይመችም። የመንደሩ ሰው ቢቆጣ አይፈረድበትም።

አውድማም እንደዚሁ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደጋው ላይ ታየዋለህ፤ በእበት ተለቅልቆ የደረቀ፣ ክብ፣ ልሙጥ መሬት። ከእሱ የተሻለ ድንኳን መትከያ ያለ አይመስልም። ካስማ ስትመታበት ግን ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ እህሉ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል። ከመንደር ወጣ ብሎ ትልልቅ ጽድና ወይራ ያጠላበት ቦታ ስታይም አትቸኩል። ወይ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፣ ወይ የሙስሊም መቃብር ነው፣ ወይ የወልይ ቦታ ነው። እነዚያ ሽማግሌ ዛፎች እስከ ዛሬ የቆሙት ሰው ስላከበራቸው ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የመንግሥት ደን ወይም ፓርክ ከሆነ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ራስጌ ያለው የየጎፍ ደን የመንግሥት ነው። ብዙዎቻችን ዴንቆሮ የምንለው የቦረና ሳይንት ደን ደግሞ ፓርክ ነው፤ ለጽሕፈት ቤቱ ሳታሳውቅ አትገባም። አቡነ ዮሴፍ ማኅበረሰቡ የሚጠብቀው ቦታ ስለሆነ ከላሊበላ አስጎብኚ ይዞ መውጣት ይሻላል። ከእነዚህ ውጭ ከሆነ ወደ ቀበሌው ነው። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ስለሆነ ዓርብ ከሰዓት በፊት ድረስ። ሊቀመንበሩ እርሻ ላይ ከሆነ እርሻው ድረስ ሂድ። መታወቂያችሁን አሳዩ፣ የመኪናውን ታርጋ አስመዝግቡ፣ ከዚያው መንደር አንድ ዘበኛ በክፍያ ውሰዱ። ዋጋውን ማታ ሳይሆን ቀን ተነጋገሩ። ዘበኛው ከጅብ ይልቅ ከጥያቄ ነው የሚያድናችሁ፤ ሌሊት ባትሪ አይቶ ለሚመጣ ሰው መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

ደግሞ መኪና ውስጥ ሆናችሁ በመስኮት አትጠይቁ። ውረዱ፣ ሰላም በሉ፣ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው ጠይቁ። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት አብዛኛውን ጊዜ «አብሽሩ፣ እደሩ» ነው። ችግሩ ከዚያ ይቀጥላል። «ቤት እያለኝ ውጭ ልታድሩ? ነውር አይደለም እንዴ!» የሚል አባወራ ይገጥማችኋል። እንግዳ ደጁ ላይ ብርድ ሲመታው ማየት ለእሱ ውርደት ነው። አትከራከሩት። ገብታችሁ ቡናውን ጠጡ፣ ሦስተኛውን ሳትጠጡ አትነሱ፣ «ድንኳኑን ልንሞክረው ነው የመጣነው» በሉ። ይስቅባችኋል፤ ይፈቅዳልም።

«ቪትዝ አለችኝ። ትወጣልኛለች?» (ከደሴ)

አትወጣም ወንድሜ። ቪትዟን ደሴ አቁምና ባለ ፎር ዊል መኪና ከነሹፌሩ ተከራይ። ወይም ሐይቅ ውረድ፤ ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱም አስፋልት ነው። ከሎጆቹ አንዱን አስፈቅደህ ግቢው ውስጥ ድንኳን ትከል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ የለም።

«ባለፈው የካቲት ወረኢሉ አካባቢ ሜዳ ላይ አድረን ሌሊት ዝናብ ጣለ። ጠዋት መኪናዋ ንቅንቅ አልል አለች። በጋ አይደለም እንዴ? ዘንድሮ ምን እናድርግ?» (ከኮምቦልቻ)

እህቴ፣ የካቲት ለብዙ ቦታ በጋ ነው፣ ለወሎ ግን በልግ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ሰማዩን ማመን አይቻልም። ወረኢሉ፣ ጃማና ደላንታ ደግሞ ሜዳቸው መረሬ (ጥቁር አፈር) ነው። መረሬ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሲርስ ጎማውን እንደ ሊጥ ይለብሰዋል። የጎማው ጥርስ በጭቃ ከተሞላ ፎር ዊል ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም።

መፍትሔው ከመተኛት በፊት ነው ያለው። መኪናዋን ሜዳው መሐል አታቁሟት። ጠጠርና ድንጋይ ያለበት ጉብታ ፈልጊ፣ አፍንጫዋንም ወደ መውጫው አዙሪያት። ከመንገዱ ያለሽ ርቀት በእግር ሁለት ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ እዚያ አገር ራቅ ማለት ትርፉ ጭቃ ነው።

ከተቀረቀርሽ ደግሞ ነዳጅ አትርገጪ። ጎማው በዞረ ቁጥር ይቀብራል። ሻንሲው መሬት ነክቶ እንደሆነ ጎንበስ ብለሽ እዪ። ነክቶ ከሆነ አካፋ እንጂ ሞተር አያወጣሽም። ከጎማዎቹ ኋላ ያለውን ጭቃ ጠርጊ፣ ጆንያና ጠፍጣፋ ድንጋይ አንጥፊ፣ ሎው አስገቢና በገባሽበት ፈለግ ወደ ኋላ ቀስ ብለሽ ውጪ። የጎማውን አየር ከ35 ፒኤስአይ ወደ 20ና 25 መካከል ማውረድ ብዙ ይረዳል። ግን መንፊያ ከሌለሽ አታውርጂው፤ በጎደለ ጎማ አስፋልት ላይ መሮጥ ሌላ አደጋ ነው። በካቦ የሚጎትት መኪና ከተገኘ ሰው ሁሉ ከካቦው ይራቅ። ሲበጠስ ይገድላል። ለጭቃው ብላችሁ የገበሬ አጥርና ለጋ ቅርንጫፍ አትቁረጡ።

ካልቸኮላችሁ ግን ቡና አፍሉና ፀሐይ ጠብቁ። ሌሊት የጣለ ዝናብ ቀላል ከሆነ እስከ 8 ሰዓት ላዩ ይጠነክራል። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ መኪናዋም ትመርጠዋለች።

የደረቀ ወንዝ አሸዋ ላይ ማደርም እንዳይታሰብ። በተለይ በራያ ቆቦ በኩል፣ እናንተ ያላችሁበት ሜዳ ጠብታ ሳይወርድበት ከላይ ከተራራው የዘነበው በድንገት ይደርሳል።

«ሴት ልጄ በጥር ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር አቡነ ዮሴፍ ልታድር ነው። ብርዱ አሳስቦኛል። ማንደጃና ከሰል ላስይዛት?» (ከወልድያ፣ አንዲት እናት)

እናቴ፣ ማንደጃውን ቤት ያስቀሩት። ይህን ጥያቄ ስላነሱልኝ አመሰግናለሁ። ከሰል ድንኳን ውስጥም ሆነ የተዘጋ መኪና ውስጥ ይገድላል። ጢሱ የለም ማለት መርዙ የለም ማለት አይደለም። የሚገድለው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። ፍሙ የከሰመ ቢመስልም ያው ነው። ሞተር አስነስቶ በማሞቂያ መተኛትም አይፈቀድም።

ስለ ብርዱ እውነትዎን ነው። በየ1000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። አቡነ ዮሴፍ ጫፉ ከ4200 ሜትር ያልፋል። በጥር ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ጠዋት ድንኳኑ ላይ ነጭ ሆኖ ያገኙታል። ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከታች ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከጀርባዋ ስር ወፍራም ፍራሽ ይኑር፣ ከስሊፒንግ ባጉ በላይ ጋቢ ትደርብ፣ ለመኝታ የሚሆን ደረቅ ካልሲ ለብቻ ትያዝ። የፈላ ውሃ በማያፈስ ኮዳ ሞልታ እግሯ ስር ታድርግ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራት ከፍታው ነው፤ ወደ ላይ አትቀጥል። ካልተሻላት ደግሞ ጓደኞቿ ይዘዋት ይውረዱ፣ አይጠብቁ።

«ለጥበቃ ውሻዬን ይዤ ብሄድስ?» (ከላሊበላ)

አይሆንም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ብቻ ነው፣ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያለው። ከወሎ በአቡነ ዮሴፍና በቦረና ሳይንት ይገኛል። ከምንም በላይ የሚፈጀው ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ነው። የተከተበም ቢሆን ይቅር፤ አውሬ ያባርራል። ለጅቡ ስትል ከሆነ ምግቡንና ቆሻሻውን መኪና ውስጥ ቆልፍበት። ጫማህንም አስገባ፣ ቆዳ ይወዳል።

«ግማሾቻችን ሙስሊም፣ ግማሾቻችን ክርስቲያን ነን። ስንቁን እንዴት እናድርግ? ለሁለት ሌሊት ነው።» (ከደሴ)

ይሄንንማ ለደሴ ልጅ እኔ ነኝ የማስተምረው? ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። ሥጋ ያማረው የየራሱን ቋንጣ ይያዝ፣ ድስቱ ግን የጋራ የጾም ድስት ይሁን። ጠበል ጸዲቅ ይዞ ለሚመጣ መንደርተኛም ሆነ ከዱዓ ለሚመለስ ሰው ሳትሳቀቁ ታቀርባላችሁ።

ባቄላና ሽንብራ ግን ቤት ቀቅላችሁ ሂዱ። 3000 ሜትር ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ጥራጥሬው ቶሎ አይበስልም፣ ጋዛችሁ ግን ያልቃል። የምንጭ ውሃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። አለዚያ ውሃ አጋር (የውሃ ማከሚያ) ጨምሩበት። ማገዶ ከመንደር ግዙ። አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ባለበት ደጋ ግን እሳት ጨርሶ አታንድዱ፣ እርጥብ ቢመስልም እንደ ነዳጅ ነው የሚቀጣጠለው። መፀዳጃ ከምንጭና ከወንዝ 60 ሜትር ያህል ይራቅ፣ ጉድጓዱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁንና በአፈር ይከደን። ሶፍቱን አትቅበሩት፣ በፌስታል ይዛችሁት ተመለሱ።

«ናፍጣ ስንት ልያዝ?» (ከመርሳ)

አስፋልት ላይ የምትለካውን ተወው፤ በሎው ዳገት ስትወጣ እጥፍ ሊበላ ይችላል። ከትልቅ ከተማ ስትነሳ ሙሉ አድርግ፣ ታንከሩ ግማሽ ሲደርስ መመለሻህን አስብ። በጀሪካን አንቀዳም የሚሉ ማደያዎች ስላሉ አስቀድመህ ጠይቅ። ከፈቀዱልህ ጀሪካኑ የብረት ይሁን፣ እስከ አፉ አትሙላው፣ ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥም አትጫነው።