ክቡ ከመዘጋቱ በፊት ይጠይቁ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከዊካ ተከታዮች ጋር በሥራና በጉርብትና የተገናኙ አንባቢዎች የላኩልንን ጥያቄዎች በአንድ ላይ አቅርበናል። ዊካ በእንግሊዝ አገር የተነሣ አዲስ ሃይማኖት ነው። በጥንቆላ ላይ የወጣው የአገሪቱ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1951 ከተሻረ በኋላ፣ በ1954 ጄራልድ ጋርድነር ባሳተመው መጽሐፍ ለሕዝብ ተዋወቀ። ተከታዮቹ ራሳቸውን የሚጠሩበትን «ዊች» የሚለውን ቃል «ጠንቋይ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል። በእኛ አገር ጠንቋይ የሚባለው ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ዕድል የሚናገር ነው፤ እነዚህ ግን ጨረቃንና ወቅቶችን ተከትለው አምላክና እንስት አምላክ የሚያመልኩ ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። የሥራ ባልደረባዬ ኦክቶበር 31 ማታ ለሳዊን በዓል ጠርታኛለች። ወዳጅነቷን እወደዋለሁ፣ ግን ኦርቶዶክስ ነኝ። ብሄድ ምን ይጠበቅብኛል?

መልስ፦ መሄድ አለመሄዱ የእርስዎና የኅሊናዎ ጉዳይ ነው፤ የንስሐ አባት ካለዎት ያማክሩ። ስለ ሥርዓቱ ግን ልንነግርዎ የምንችለው አለ። ሳዊን በዓመት ከሚከበሩት 8 በዓላት አንዱ ሲሆን ሙታን የሚታሰቡበት ነው። ሻማ እየተለኮሰ የሞቱ ዘመዶች ስም ይጠራል፤ ረጅም ዝምታም አለ። የጭፈራ ማታ አድርገው አይዘጋጁ።

ባልደረባዎን አስቀድመው ሦስት ነገር ይጠይቋት። በዓሉ ለእንግዳ ክፍት ነው ወይስ ለኮቨኑ፣ ማለትም አብሮ ለሚያመልከው አነስተኛ ቡድን፣ አባላት ብቻ? ምን ይለበሳል? የሚበላውስ ምንድን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ እንዳያሳፍርዎት፤ በጋርድነር ወገን ያሉ አንዳንድ ኮቨኖች ሥርዓታቸውን ራቁታቸውን ስለሚፈጽሙ ተጠይቆ የሚታወቅ ነገር ነው። ለእንግዳ በተከፈተ በዓል ላይ ግን ልብስ መልበስ የተለመደ ነው። ነጠላ የሚያደርጉ ከሆነ ጫፉን ወገብዎ ላይ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት፤ ሻማዎቹ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ስለሚቀመጡ የተንጠለጠለ ጥለት በቀላሉ እሳት ይይዛል።

በሰዓቱ ይድረሱ። ሥርዓቱ የሚጀምረው ክብ በመክበብ ነው፤ በልማድ የክቡ ስፋት 9 ጫማ፣ ማለትም 2.7 ሜትር ያህል ነው፤ ሰው ሲበዛ ይሰፋል። ከተዘጋ በኋላ እንደ መቅደስ ስለሚቆጠር ዘግይቶ የመጣ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። በውስጡ መንቀሳቀስ ካስፈለገ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው፤ ተቃራኒው አቅጣጫ ለመፍታትና ለማባረር ስለሚያገለግል ሳያውቁ ቢዞሩት ሥራቸውን እንዳበላሹ ይቆጠራል። ሽንት ቤት መሄድ ቢፈልጉ ወይም ቢያዞርዎት ከመሪዎቹ ለአንዱ በሹክሹክታ ይንገሩ፤ በክቡ ላይ በር ይከፍቱልዎታል፣ ሲመለሱም ይዘጉታል።

በመጨረሻ ኬክና ወይን እየዞረ ይመጣል። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ኬኩ ቅቤና እንቁላል እንደሚኖረው አይርሱ። ጽዋውን ከፍ አድርገው ሳይጠጡ ለቀጣዩ ማቀበል ይችላሉ፤ በዚህ ማንም አይቀየምም። ጸሎቱን አብረው ማለትም አይጠበቅብዎትም፤ ጸጥ ብሎ መቆም በቂ አክብሮት ነው። ስልክዎን ያጥፉ፣ ፎቶ አያንሱ። እዚያ ያዩትን ሰው ማንነትም ለሌላ አይንገሩ። እምነታቸው ሲታወቅባቸው ሥራቸውን ወይም ልጅ የማሳደግ መብታቸውን እንዳያጡ የሚሰጉ አሉ፤ ይህን ምሥጢር መጠበቅ ከሁሉም የሚበልጠው የእንግዳ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።

ጥያቄ፦ እናቴ ሆስፒታል ሳለች ጎረቤቴ «የፈውስ ሥርዓት አድርጌላታለሁ» አለችኝ። ማን ጠየቃት? «ማንንም ካልጎዳ የፈለግኸውን አድርግ» የሚለው መመሪያቸውስ ስድነት አይደለም? (ከሲያትል)

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ በራሷ በጎረቤትዎ እምነት ሚዛንም ብዙዎች ይደግፉዎታል።

የጠቀሱት ቃል «ሬድ» ይባላል። ሬድ በጥንቱ እንግሊዝኛ ምክር ማለት እንጂ ትእዛዝ ማለት አይደለም። ከጋርድነር ጋር የሠራችው የዊካ ካህን ዶሪን ቫሊየንቴ እ.ኤ.አ. በ1964 ባደረገችው ንግግር ውስጥ በዛሬው አጭር መልኩ ይገኛል። «የፈለግኸውን» የተባለውን ብዙዎቹ የሚረዱት እንደ አምሮት ሳይሆን ሰው መርምሮ እንደደረሰበት እውነተኛ ፈቃዱ ነው። «ማንንም» ሲባል ደግሞ አድራጊውም ራሱ አለበት። ክብደቱ ያለው ከፊተኛው ሐረግ ላይ ነው፤ ከመነሣትህ በፊት ማን ሊጎዳ እንደሚችል አስብ ማለቱ ነው።

የሌላውን ፈቃድ መሻር ጉዳት ነው የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለዚህም ነው በእኛ ዘንድ መስተፋቅር የሚባለውን ዓይነት ነገር፣ በስም ለይቶ የአንድን ሰው ልብ ለመሳብ የሚደረግን ሥራ፣ ብዙዎቹ የሚያወግዙት። ለራስ «ፍቅር የሚገባኝ ሰው ልሁን» ማለት ይፈቀዳል። በሕመምም ያው ነው፤ አስቀድሞ ሕመምተኛውን መጠየቅ፣ መናገር ካልቻለ «እሷ ከፈቀደች» ብሎ መወሰን የጨዋ ተከታይ ልማድ ነው። ለጎረቤትዎ «በጎ ማሰብሽን አመሰግናለሁ፤ ወደፊት ግን አስቀድመሽ ጠይቂኝ» ይበሏት። ይገባታል።

የተደረገው ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመለሳል የሚለው ሌላ ትምህርት ነው። ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ በጎ የተደረገለት ሰው ሦስት እጥፍ እንዲመልስ ይታዘዛል፤ ወደ ቅጣትና ሽልማት ሕግነት ያደገው በኋላ ነው። ቃል በቃል የማይቀበሉት ተከታዮች ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ ኮቨን ልትገባ ብትል መሪው ብዙ ዶላር ጠየቃት። ልማዱ ነው?

መልስ፦ አይደለም። በጋርድነር ወገን አባል ለማድረግ ክፍያ አይጠየቅም፤ ለሻማና ለምግብ ማዋጣት ሌላ ነገር ነው። ከመቀበል በፊት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን መማርም የቆየ ልማድ ነው፤ የሚያቻኩል መሪ ያጠራጥራል። ገንዘብ ወይም ወሲብ የመግቢያ ዋጋ አድርጎ ከሚጠይቅ ሰው ዛሬውኑ ትራቅ።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ውስጥ የአረጋውያን ተንከባካቢ ነኝ። አቧራ ስጠርግ የአንዲት ደንበኛዬን ጥቁር እጀታ ያለው ቢላ አንሥቼ ሌላ ቦታ አስቀመጥኩት፤ በጣም አዘነች። እርግማን ያገኘኝ ይሆን?

መልስ፦ እርግማን ብለው አይስጉ። ያዘነችው የጸሎት ዕቃዋ ስለተነካ ነው። ቢላው «አታሚ» ይባላል፤ ክብ ለማስመር ያገለግላል እንጂ በልማድ ምንም አይቆረጥበትም፤ ለመቁረጫ ነጭ እጀታ ያለው ሌላ ቢላ አላቸው። በመሠዊያው ላይ ያለው ቦታም በዘፈቀደ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሰሜን የመሬት፣ ምሥራቅ የአየር፣ ደቡብ የእሳት፣ ምዕራብ የውኃ ስለሆነ ጨው ያለበትን ሳህን ከውኃው ጋር ማቀያየር እንኳ ሥርዓቱን ያፈርሰዋል። ይቅርታ ይጠይቋት፣ በጨው ውኃና በዕጣን ጢስ ታነጻዋለች። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን እሷ ታጽዳ፤ አቅም ካነሳት እያንዳንዱን ዕቃ ስታሳይዎት ብቻ አንሥተው እዚያው ይመልሱ።

በእሳት ጉዳይ ግን አይለሳለሱ። ደንበኛዎ ኦክስጅን የምትጠቀም ከሆነ በዚያ ክፍል ሻማም ዕጣንም መለኮስ የለበትም፤ በባትሪ የሚበራ ሻማ ያቅርቡላት። ኦክስጅን ከሌለም የዕጣኑን ከሰል ይመልከቱ። በቶሎ እንዲቀጣጠል ፖታሺየም ናይትሬት የሚባል ማቀጣጠያ የተጨመረበት ክብ ከሰል ስለሆነ ሲለኮስ ይፈናጠራል። በመቆንጠጫ ተይዞ፣ አሸዋ በተሞላ የማይሰነጠቅ ዕቃ ላይ ይቀመጥ፤ ላዩ አመድማ ሲሆን ሦስት አራት ፍሬ ዕጣን ይበቃዋል። በቡና ከሰል እንደምናውቀው መስኮት ዘግቶ ማጨስ በካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። የተረፈውን የጨው ውኃ ደግሞ አበባ ማሰሮ ውስጥ አይድፉት፤ ተክሉን ያደርቀዋል። የት እንደሚደፋ እሷን ይጠይቋት።