ለሄጅሆግ የእርዳታ ሣጥን፦ ከፋሻው በፊት ሙቀቱን

እህቴ፣ ለልጅሽ ሄጅሆግ፣ ያቺን እሾሃማ ትንሽ እንስሳ፣ ከገዛሽ ሁለት ሳምንትሽ እንደሆነ ጽፈሻል። ሱቅ ያየሽው ለውሻ የተዘጋጀ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ይበቃ እንደሆነም ጠይቀሻል። አይበቃም። ግማሹን አትነኪውም፤ ዋናው ነገር ደግሞ ውስጡ የለም። በነገራችን ላይ፣ እኛም ቤት ጃርት እያልን እንጠራት ነበር። ግን የአገራችን ጃርት ሌላ ነው። እሱ ትልቅ የአይጥ ዘር ነው፤ ይቺ ነፍሳት በሊታ ናት፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ኪሎ አትሞላም።

የምኖረው ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ሚጥሚጣ የምትባል ሄጅሆግ አራት ዓመት አሳድጌያለሁ። በጣም ያስደነገጠችኝ ደምታ ሳይሆን በርዷት ነው። አንድ የጥር ሌሊት የቤታችን ማሞቂያ ተበላሸ። ጠዋት ሳያት ተጠቅልላለች፣ አልፈታ አለች። ሆዷ በረዶ ሆኗል። ትንሽ ቆይታ ስትነሳ እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደች። ዘሯ ከሞቃት አፍሪካ ነው። ሲበርዳት ክረምቱን እንደሚተኙ እንስሳት ልትተኛ ትሞክራለች፤ ሰውነቷ ግን ለዚያ አልተሠራም፣ ልትሞት ትችላለች። ቤቷ ከ24 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። በፋራናይት ከ75 እስከ 85 ገደማ ማለት ነው።

ያን ቀን ሹራቤ ውስጥ ከትቼ ሆዴ ላይ አስተኛኋት። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሪያት፣ ድንገተኛ ሙቀት ይጎዳታል። ሞቃ በደንብ ሳትነቃም ውሃ ወይም ምግብ አፏ ውስጥ አትጨምሪ፣ ትንታ ይገድላታል። ስትነቃ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

ስለዚህ ሣጥንሽ ውስጥ መጀመሪያ የሚገባው ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ሙቅ ጨርቅ፣ የቤቷ ቴርሞሜትርና መብራት ሲጠፋም የሚሠራ የእጅ ማሞቂያ ከረጢት ነው። ከረጢቱን ካልሲ ውስጥ ክተቺው፤ ቆዳዋን ከነካ ያቃጥላታል።

ቀጥሎ በግራም የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን። ሄጅሆግ ሕመሟን ትደብቃለች፣ ሚዛን ግን ያጋልጣታል። በየሳምንቱ እሑድ መዝኚና ደብተር ላይ ጻፊ። ሚጥሚጣ 410 ግራም ነበረች፤ በሦስት ሳምንት 365 ገባች። ስትሮጥ ላያት ደህና ነበረች። ሐኪሙ አፏን ሲያይ ጥርሷ ተበላሽቷል። ሚዛኑን ከወጥ ቤት እንዳትወስጂ፣ ለሷ ብቻ ግዢ። ሄጅሆግ ጤነኛ ሆና እያለ ሳልሞኔላ የሚባል፣ ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። ልጅሽም ከነካቻት በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ አትሳማት።

እግሯን ደግሞ በየጊዜው እዪ። ፀጉርና ክር ጣቷ ላይ ይጠመጠምና ደም ያቋርጣል። የልጄ አንድ ረጅም ፀጉር የሚጥሚጣን ጣት እንዲህ አሳብጦት ነበር። አጉሊ መነጽር፣ ጫፉ ደነዝ የሆነ ትንሽ መቀስና ወረንጦ ያዢ። ተጠቅልላ እምቢ ካለች እግሯን ብቻ የሚሸፍን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሚያት፣ ትዘረጋለች። ጣቷ ከጠቆረ ግን አትሞክሪው፣ የሐኪም ሥራ ነው።

ጥፍሯ ከደማ ኮርንስታርች (የበቆሎ ስታርች ዱቄት) ነስንሰሽ በጎዝ፣ በቁስል መሸፈኛ ስስ ጨርቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ያዢው። ቁስል የሚታጠበው በንጹሕ ሳላይን፣ ለቁስል በተዘጋጀ የጨው ውሃ፣ ነው፤ አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሥጋውን ያቃጥላሉ። ፕላስተር እሾህ ላይ አይጣበቅም፣ ቢጣበቅም ታኝከዋለች። ዓይኗ ከተጎዳ በሳላይን አርጥቢና በዚያው ቀን ውሰጃት።

መድኃኒት አትጨምሪበት። የሕመም ማስታገሻዎቹ አይቡፕሮፌንም ታይለኖልም ለሰው ነው። የቅንቅን መድኃኒት እንኳን በክብደቷ ልክ የሚሰጠው ሐኪም ነው። መርፌ የሌለው የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግን ያዢ፣ ሐኪሙ ያዘዘውን ለመስጠት ያገለግልሻል።

ከሁሉም በፊት ግን፣ ዛሬውኑ ስልክ ደውይ። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ሄጅሆግ አይቀበልም። እኔ በዚያ ጥር ሦስት ቦታ ደውዬ «እኛ ውሻና ድመት ብቻ ነው» ተብያለሁ፣ እሷ እቅፌ ውስጥ እንደቀዘቀዘች። «ሄጅሆግ ታያላችሁ ወይ? ሌሊትስ?» ብለሽ ጠይቂ። እሺ ያሉሽን ቁጥር የሣጥኑ ክዳን ላይ በትልቁ ጻፊው፣ ልጅሽም እንድታነበው።