ምሳ ሰዓት ላይ የሚጮኸው ኢንቨርተር

ሰሜን ሸዋ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ወፍጮ ቤት ያላቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው የጻፉልኝ። ከመብራቱ ጋር የተገናኘ 20 ኪሎዋት የፀሐይ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ወደ መብራት የሚቀይር መሣሪያ) አላቸው። «ወፍጮው እየሠራ ሰላም ነው። ለምሳ ስናቆመው ኢንቨርተሩ እንደ ንብ ይጮህና ይጠፋል። የሸጠልን ሰው ተበላሽቷል፣ ቀይሩት ይላል። ምን ይሻላል?»

ጋሼ፣ ገንዘብዎን ያቆዩት። እኔም ደብረ ብርሃን ላይ ለእንዲህ ዓይነት ጩኸት አንድ ቦርድ ቀይሬ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ሲጮህ ቆሜ አይቻለሁ። በላኩልኝ ፎቶ ላይ ከዋናው ብሬከር ጎን 12.5 ኪሎቫር ካፓሲተር (ቻርጅ የሚይዝና የሚመልስ ዕቃ) ይታያል። ለፓወር ፋክተር፣ ማለትም ሞተሩ ከመስመሩ የሚስበውን ትርፍ ከረንት ለመቀነስ የገባ ነው፤ መግባቱ ልክ ነው። ጥፋቱ ወፍጮው ቆሞም እሱ አለመጥፋቱ ነው።

ከትራንስፎርመሩ ጀምሮ እስከ እርስዎ ያለው መስመር የራሱ ኢንዳክታንስ (የከረንትን ለውጥ የመቃወም ጠባይ) አለው። ከካፓሲተሩ ጋር ሲጣመር እንደተወጠረ የክራር ክር የራሱ ድምፅ ይኖረዋል። መስመሩ 0.3 ሚሊሄንሪ ቢሆን ያ ድምፅ 550 ሄርዝ አካባቢ ይወድቃል፤ የ50 ሄርዝ መብራታችን 11ኛ ሃርሞኒክ፣ 11 እጥፉ ማለት ነው። ኢንቨርተሩ ደግሞ የሚያወጣውን ከረንት በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ያርማል፤ ግን እርማቱ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። በዚያ 550 ሄርዝ ላይ የዘገየ እርማት ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ ሊያቆም ፈልጎ ከኋላው እንደሚገፋ ሰው ነው። ወፍጮው ሲሠራ ሞተሩና ሌላው ጭነት ንዝረቱን ይውጡታል። ምሳ ሰዓት ላይ የሚውጠው ይጠፋል፣ ፀሐይዋም አናት ላይ ናት።

ነገ እንዲህ ይሞክሩ፦ ወፍጮውን ከማቆምዎ በፊት የካፓሲተሩን ብሬከር ያውርዱ፤ ከዚያ ወፍጮውን ያቁሙ። ኢንቨርተሩ ዝም ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ካፓሲተር ጠፍቶም ቻርጅ ይይዛል፤ ቢያንስ 5 ደቂቃ ሳይቆዩና በሜትር ሳይለኩ እጅ አይግባ።

መፍትሔው ካፓሲተሩን በራሱ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ከሞተሩ ጋር አብሮ እንዲገባና እንዲወጣ ማድረግ ነው። የእርስዎ ወፍጮ በስታር ዴልታ (መጀመሪያ በትንሽ ቮልቴጅ ተነሥቶ ወደ ሙሉው በሚሸጋገር አነሣሥ) ስለሚነሣ ካፓሲተሩን ሞተሩ ጫፍ ላይ አያስሩት፤ ኮንታክተሩ ትእዛዝ የሚቀበለው ከዴልታው ኮንታክተር ረዳት ኮንታክት ይሁን። በጀት ካለ 7 በመቶ ሪአክተር (የሽቦ ጥቅል) ከካፓሲተሩ ጋር በተከታታይ ይግባ፤ የሁለቱ ድምፅ ወደ 189 ሄርዝ ይወርዳል፣ ከዚያ በላይ ባሉት ሃርሞኒኮች ላይ ካፓሲተሩ ከመስመሩ ጋር መጮኹ ይቀራል።

ይህም ሆኖ ትንሽ ጩኸት ካለ ቀጣዩ የኢንቨርተሩ ሴቲንግ ነው። የገጠመልዎት ባለሙያ የከረንት መቆጣጠሪያውን ጌይን (የእርማቱን ጉልበት) ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሰው። የመስመሩን ሞገድ የሚከታተለው ፒኤልኤልም ካስፈለገ ትንሽ ይዘግይ። ለደካማ መስመር የተዘጋጀ ምርጫ ያላቸው ሞዴሎች አሉ፤ ካለ ከሁሉ በፊት እሱ ይሞከር። «ቮልቴጅ ገደቡን እናስፋው» ወይም «መብራት ሲጠፋ የሚያጠፋውን እንዝጋው» ካለዎት ግን አይፍቀዱ። መብራት ሲጠፋ መስመሩን ሊጠግን ፖል ላይ የሚሠራ ሰው አለ።

ሌላው ነገር ከፍታው ነው። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይወስድም። የኢንቨርተሩ ማኑዋል ላይ እስከ ስንት ሜትር ሙሉ ኃይል እንደሚሰጥ ይመልከቱ፤ ፋኑንም ከዱቄት ያጽዱ።

ካፓሲተሩ ጠፍቶም ከጮኸ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የስህተት ቁጥር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።