«መጣሁ» ብላችሁ ጻፉ

ወንድም ሴትም አለመሆናችሁን ለመጻፍ ያሰባችሁ ውድ ወጣቶች፣

«እናንተ» የምላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ብቻ አይደለም፤ «አንተ» ወይስ «አንቺ» ከሚለው ምርጫ ስለሚገላግለኝም ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ ወንድም ሴትም አለመሆኔን የሚናገር አንድ ገጽ ለመጻፍ ግን ዕድሜዬ ሃምሳን እስኪያልፍ ቆይቻለሁ።

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ጨካኝም ቸርም ነው። «መጣ» ወይም «መጣች» ሳያሰኝ አያሳልፍም። «መጣሁ» ስትሉ ግን ጾታችሁን የሚጠይቅ ፊደል የለም። «እርስዎ» እና «እሳቸው»ም እንደዚሁ ናቸው።

ይህን የተማርኩት በስሕተቴ ነው። አንድ ጊዜ በደረሰኝ ረቂቅ ውስጥ የሃያ ዓመት ጓደኛ ከዳር እስከ ዳር «እሳቸው» ተብለዋል። የሃያ ዓመት ልጅ አንቱ ይባላል? ብዬ በቀይ እስክሪብቶ «መጡ»ን ሁሉ «መጣች» አደረግኩት። ረቂቁ ሲመለስ እያንዳንዱ እርማቴ በእርሳስ ተሰርዞ ነበር፤ በኅዳጉ ላይም «አክብሮት ሳይሆን እውነት ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ እስክሪብቶ ሳነሣ እጄ ትንሽ ይዘገያል።

ወንድም ሴትም አለመሆን የዛሬ ፋሽን ነው የሚሏችሁ ይኖራሉ፤ አይደለም። በአሜሪካ ሮድ አይላንድ እ.ኤ.አ. በ1776 ከጽኑ ሕመም የተነሡ አንድ ሰባኪ የልደት ስማቸውን ትተው «ፐብሊክ ዩኒቨርሳል ፍሬንድ» ተባሉ፤ ወንድም ሴትም ተብለው መጠራትን አልፈለጉም። (ስለ እሳቸው ስጽፍ አንቱታው ብቻውን እንደበቃኝ ልብ በሉ።) ስዊድኖች ደግሞ «ሄን» የሚል ጾታ የማይለይ ተውላጠ ስም አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አካዳሚያቸው የቃላት መዝገብ ገብቷል።

ራሳችሁን እንደ ሕመምተኛ ታሪክ አትጻፉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ የጾታ ማንነት በልደት ከተሰጠው ጾታ ጋር አለመጣጣምን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። የክርክር ጽሑፍም አታድርጉት። «ማንነቴን ለማንም የማስረዳት ግዴታ የለብኝም» የሚል ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩ! እውነት ነው፤ ነገር ግን ምንም አያሳይም። ይልቅ ቅጽ ስትሞሉ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ብዕራችሁ የቆመበትን ቅጽበት፣ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ያረፈበትን ነጥብ፣ ከኋላችሁ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን የጠራረገበትን ድምፅ ጻፉ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ እላችኋለሁ፤ በጻፋችሁበት ቀን አታውጡት። ሥራና ቤት የሚያሳጣ ጽሑፍ አለ፤ በአንዳንድ ቦታ ከዚያም የከፋ ያመጣል። በታሪካችሁ ውስጥ ያሉት ሰዎችም ሳይጠየቁ ይጋለጣሉ። የብዕር ስም መጠቀም ፈሪነት አይደለም።

የእኔ የመጀመሪያ ገጽ አራት ወር መሳቢያ ውስጥ ቆይቷል። ሳወጣው የሁለት ሰዎችን ስም ሰረዝኩ፣ የተንዛዛ አንቀጽ ቆረጥኩ። «መጣሁ» የሚለውን ቃል ግን አልነካሁትም።