እናቴን ከደሴ በአውሮፕላን ላምጣት ወይስ በመኪና? ላልሽው እህት

ጥያቄሽን አነበብኩት። እናትሽ ደሴ ናቸው፣ አዲስ አበባ የልብ ሐኪም ቀጥሯቸዋል፣ መንገዱ አላስተማመነሽም። «በዚህ ጊዜ አውሮፕላኑስ ይታመናል ወይ?» ነው ያልሽው። መጀመሪያ አላህ ያሽርልሽ። እኔ አባቴን ለኩላሊት ክትትል የደሴ ሰው አውሮፕላን ከሚሳፈርባት ከኮምቦልቻ ወደ ቦሌ ማመላለስ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ያየሁትን ልንገርሽ።

አብሽሪ፣ አውሮፕላኑ አያስፈራሽ። የሚያስፈራው አለመምጣቱ ነው።

እኛ አገር አንድ አካባቢ ሲደፈርስ ቶሎ የሚቆመው በረራ ነው። የሚኒባስ ሹፌር «እስቲ እንሞክረው» ይላል፤ ኬላ ላይ ይጠይቃል፣ ካልሆነ እዚያው ያድራል። ፓይለት አይሞክርም። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ አውሮፕላን የሚባል ነገር ቀረ። ከተሞቹ የተመለሱት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀ ሰሞንም ጎንደርና ላሊበላ በረራ ተቋርጦባቸው ነበር። የመቀሌ ሰው ደግሞ አንድ ዓመት ተኩል ጠብቆ ታኅሣሥ 2015 ላይ ነው መንገደኛ አውሮፕላን ያየው። አክሱም ማኮብኮቢያው ተቆፍሮ ስለነበር እስከ ሰኔ 2016 ቆየ። እና አንቺ ጋ አደጋው የሚመጣው ሰማይ ላይ ሳይሆን በስልክሽ ነው፤ «በረራዎ ተሰርዟል» ይልሻል።

ስለዚህ በረራውንና ቀጠሮውን አታጠጋጊያቸው። እኔ አጠጋግቼ ተቀጥቻለሁ። ሐምሌ ነበር። ቀጠሮው በማግስቱ ጠዋት ነው፣ በረራው የሚፈጀው አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ምን ይመጣል ብዬ። ኮምቦልቻ ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ ዙሪያዋን ተራራ ነው። ደመናው ተኝቶባታል። የአውሮፕላኑን ድምፅ ከላያችን እንሰማለን፣ እሱ ግን አይታይም። ትንሽ ዞረና ወደ ቦሌ ተመለሰ። የፖለቲካ ነገር የለበትም፣ ደመና ብቻ። አባቴ ቀጠሮው አለፈው፣ ሌላ ለማግኘት ከወር በላይ ጠበቅን። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ ሦስት ቀን ቀድመን እንሄዳለን። ዘመድ ቤት ማደሩ ይከብዳል አትበይ፣ የወሎ ሰው እንግዳ አይጠላም።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር ሐረጎ ነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ተራራ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ቁልቁለቱ ላይ አንድ ተሳቢ ከተበላሸ አለቀልሽ። ጭጋጉም አለ። የሰዓት እላፊ ባለበት ወቅት ደግሞ በሌሊት መውጣት አይታሰብም። የጠዋት በረራ ከሆነ እናትሽ ዋዜማውን ኮምቦልቻ ይደሩ። እኛ አክስቴ ቤት ነው የምናድረው። አባቴ የደሴን ብርድ ለምዶ ጋቢውን ሳይጥል ይወርድና «ይሄ ሙቀት ነው የሚገለኝ» እያለ ያድራል።

ትኬቱን አንቺ አዲስ አበባ ሆነሽ ቁረጪላቸው። በ2016 እዚህ ሞባይል ዳታ ዝግ በነበረበት ጊዜ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ይቆርጥና ኮዱን በስልክ ፊደል በፊደል ያነብልኝ ነበር። «ቢ እንደ ባህር ዳር፣ ዲ እንደ ደሴ» እየተባባልን። ስማቸው ከመታወቂያቸው ጋር አንድ መሆኑን ግን ደጋግመሽ እዪ።

የዚህ መስመር አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ነው። ደረጃው ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ጉልበት ላመመው ሰው ፈተና ነው። ትኬት ስትቆርጪ ዊልቸር አስመዝግቢ፣ እምቢ ቢሉሽም አስመዝግቢ። «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?» ብለው ይቆጣሉ፣ አባቴም ብሏል። አሁን ግን ካላመጡለት እሱ ነው የሚጠራቸው። የልብ ሕመም ስላለባቸው መብረር ይችሉ እንደሆነ ሐኪማቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ፣ መድኃኒታቸውም በእጅ ቦርሳ ይሁን። ማርና ቅቤ ግን በእጅ አይዙም። ፍተሻ ላይ አንዲት እናት የማር ጣሳቸውን አቅፈው ሲከራከሩ አይቼ አንጀቴን በሉኝ።

መኪናውን አልኮንንም። ብዙ ሰው በየቀኑ ይመላለስበታል፣ ዋጋውም በጣም ይረክሳል። እኔም ብቻዬን ስሆን በአውቶብስ ነው የምሄደው። ግን አጣዬና ሸዋ ሮቢት መሃል መንገድ ተዘግቶ መኪና ውስጥ ማደር ለእኔ ተረት ሆኖ ያልፋል፣ ለልብ ሕመምተኛ እናት ግን አያልፍም። እገታውንም ሰምተሻል። በረራው ከተሰረዘ ተናደሽ በዚያው ቀን መኪና አትከራዪላቸው። አውሮፕላን ያስቀረው ነገር መንገዱም ላይ ሊኖር ይችላል። ለሐኪሙ ደውለሽ ቀጠሮውን አስለውጪ።

የመመለሻውን ቀን አሁን አትወስኚ፣ ምርመራው ሊያቆያቸው ይችላል። የመምጫቸውን ስትቆርጪ ጻፊልኝ። የአባቴ ቀጣይ ቀጠሮ ኅዳር 12 ነው። ከተገጣጠመ ከደሴ አብረን እንወርዳለን፣ አክስቴም አልጋ አላት።